የሺሐረግና በጋዜጣ የተጠቀለለው ጠርሙስ

የሺሐረግ ቃሊቲ ባለ አንድ ሆቴል ብርጭቆ ስታጥብ ስምንት ዓመት ቆይታለች። ከዚያ በፊት አቃቂ በሰቃ ገበያ በርበሬና ቅመም እያዘጋጀች ትሸጥ ነበር። ኮዬ ፈጬ ጎረቤታሞች ነንና ታሪኩን የሰማሁት ከራሷ ነው።

ባዶ የወይን ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር የተለጠፈበት ወረቀት ይላቀቃል። እሷ ወረቀቱን አድርቃ ደብተር ላይ ትለጥፋለች፤ ያልገባትን ቃል ስልኳ ላይ ፈልጋ ከሥሩ ትጽፋለች። አውቶቡስ ውስጥ ደብተሯን ገልጣ ስታነብ ያየ ሁሉ መምህርት ትመስለዋለች።

ከሁሉ ቀልቧን የሳበው ኮት ዱ ሮን የሚባለው ቀይ ወይን ነው። ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከሮን ወንዝ አካባቢ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ግረናሽ፣ ሲራና ሙርቬድር የተባሉ የወይን ዓይነቶች ተቀላቅለው ይሠራል። አገሩ ፀሐያማ ነው፤ ከሰሜን ደረቅ ነፋስ ይነፍስበታል፤ ኮረብታው ላይ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል በዱር ይበቅላሉ። ይህን ስታነብ የማታውቀው አገር ድንገት የምታውቀው ሆነ፤ ሁለቱንም ቅጠሎች ገበያ ሳለች ሸጣቸዋለች።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም የሆቴሉ ባለቤት አቶ ኩምሳ የወይን ክፍል ኃላፊ ከሠራተኞቹ መካከል በፈተና እንደሚመርጡ ተናገሩ። የተመዘገቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ነባሩ አስተናጋጅ ወንድዬና የሺሐረግ። ካልተሳካላት ወደ እቃ ማጠቢያው መመለሷ ነው።

ፈተናው ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሆነ። ለሆቴሉ ወይን የሚያቀርበው አስመጪ አንድ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ አቀረበ፤ ጽሑፉን ሳያዩ ምን ወይን እንደሆነ መለየት ነበረባቸው። ወንድዬ ቀመሰና ቁንዶ በርበሬው በግልጽ ስለሚሸት ሲራ ብቻ ነው አለ። የሺሐረግ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም በአፏ እንደማይገባ አስረዳች። አስመጪው ቸኩሎ ስለነበር መጠበቅ አልተቻለም፤ እሷም በማሽተት ብቻ ልትፈተን ብርጭቆውን አነሳች።

«የሺዬ፣ ሳትቀምሺ?» አላት ወንድዬ። «አፍንጫሽ ምላስ አበቀለ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ።

«በጾም ያዘጋጀሁት በርበሬ ሁሉ በአፍንጫዬ ነው የተመጠነው» አለች። «አንድም ሰው መልሶብኝ አያውቅም።»

መጀመሪያ ስታሸተው ለእሷም የመጣላት ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነበር። ብርጭቆው ግን ቀዝቅዟል፤ ጠርሙሱ የወጣው ከሆቴሉ ፍሪጅ ነው። ገበያ ሳለች የጠዋት ብርድ የያዘውን ቅመም መዳፏ ላይ አሻሽታ ካሞቀችው በኋላ ነበር የምታሸተው። ብርጭቆውን በሁለት መዳፎቿ አቅፋ አባታችን ሆይን በልቧ ደግማ እስክትጨርስ ያዘችው።

ከዚያ እንደገና አሸተተች።

«ይሄ ብቻውን አይደለም» አለች። «ቁንዶ በርበሬው የሲራ ነው፤ እንጆሪ እንጆሪ የሚለው ግረናሽ። ከሥር እንደ ቆዳ የሚሸተው ሙርቬድር ነው። ጦስኝም አለበት። የደቡብ ፈረንሳይ ነው፣ ኮት ዱ ሮን።»

አስመጪው ጋዜጣውን ቀደደና ጠርሙሱን ለአቶ ኩምሳ ሰጣቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። ሦስቱም ስሞች፣ አገሩም፣ እንዳለችው ነበር። የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበላት። ወንድዬ ትከሻዋን ሳመ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ አንቺ ነሽ የምታዢኝ» አላት።

የሺሐረግ የወይን ክፍሉን ቁልፍ ተቀበለች፤ አማተበችና ተመስገን አለች። ቀጥላም ቀዩ ወይን በሙሉ ከፍሪጅ እንዲወጣ አዘዘች። የመጀመሪያውን ካርቶን ተሸክሞ የወጣው ወንድዬ ነው።