እናቴን ይዞ የሄደው ተጎታች ቤት

ታናሽ እህቴ ከመኪና ኋላ እየተጎተተ የሚታደርበት ተጎታች ቤት መግዛቷን ስትነግረኝ «እንኳን ደስ አለሽ» ያልኳት በስልክ ስለነበር ፊቴን አላየችውም። እሷ የምትኖረው ሳን ሆዜ ነው፤ እኔ ደግሞ ኦክላንድ፣ ከእናታችን ጋር። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ከሥራ ስወጣ እናቴን ሐኪም ቤት አመላልሳለሁ፣ ፀጉሯን አጥባለሁ፣ ጨው ስታበዛ እቆጣታለሁ። እህቴ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አበባ ይዛ ብቅ ትላለች፤ እናቴም ስለ አበባው ሳምንት ሙሉ ታወራለች።

በፀደይ እህቴ መጥታ እናቴን ለሦስት ቀን ወደ ባሕር ዳርቻ ወሰደቻት። እናቴ ጉንጮቿ በፀሐይ ቀልተው፣ የማላውቀው ቋንቋ ይዛ ተመለሰች።

«ያለ ሁክ አፕ ማደርም ይቻላል፤ ባትሪውን መቆጠብ ብቻ ነው» አለችኝ ራት ላይ።

«ሁክ አፕ ምንድነው?»

«መብራትና ውኃ ያለበት ቦታ ቆመሽ ቤቱን ስታገናኚው ነዋ!» ተገርማ አየችኝ። የዕቃ እጣቢው ውኃ ግሬይ፣ የሽንት ቤቱ ብላክ እንደሚባል፣ ሁለቱም ዳምፕ ስቴሽን በሚባል የፍሳሽ መድፊያ ቦታ እንደሚደፉ ነገረችኝ። «መጀመሪያ ብላኩ ነው። ከዚያ ግሬዩ ቱቦውን ያጥበዋል።»

ለሐኪም ቀጠሮዋ «አፖይንትመንት» የምትለውን ቃል እንኳ ስንት ዓመት ሳስጠናት አልያዝ ብሏት ነበር። ይሄ ሁሉ ከእህቴ አፍ ሲወጣ እንዴት ገባት? በማግስቱ ደግሞ ለጎረቤታችን በስልክ «ልጄ ወሰደችኝ» ስትል ሰማኋት። ልጄ! ታዲያ እኔ ማን ነኝ?

ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓቴ፣ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ስለ ተጎታች የወጣውን የመንገድ ሕግ ማንበብ ያዝኩ። ለእናቴ ደኅንነት ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆናል። እህቴ ላይ ጥፋት እየፈለግኩ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጎታች የሚስብ ሰው በሰዓት ከሃምሳ አምስት ማይል አያልፍም፤ ቀኙን ይዞ ይሄዳል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ደግሞ የሚጎተተው ቤት ውስጥ ሰው መቀመጥ የለበትም።

ለሁለተኛው ጉዞ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድኩ። ሳን ሆዜን አልፈን ቤንዚን ልንቀዳ ስንቆም እናቴ ወገቧን እያሸች «እንደ ባለፈው ከኋላ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ጋደም ልበል እንዴ?» አለች።

ልቤ በደስታ ዘለለ። አፍሬም እጽፈዋለሁ፤ ደስታ ነበር።

«እንደ ባለፈው?» ወደ እህቴ ዞርኩ። «እየነዳሽ ከኋላ አስተኝተሻታል? ክልክል መሆኑን አታውቂም? ፍሬን ብትይዢ ምን ልትሆን ነበር? እናታችን ሻንጣ ናት?»

እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። «ትንሽ መንገድ ብቻ ነው፣ እትዬ። ወገቧን አሟት ነበር። ሕጉን አላወቅኩም።»

«አለማወቅማ...»

«በቃ!» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ አስተኚኝ ያልኳት።» ወደ ፊተኛው ወንበር ወጥታ ቀበቶዋን አሰረችና በመስኮቱ በኩል ቁልቁል አየችኝ። «ልክ ነሽ፣ ልጄ። ግን ስትናገሪው ደስ ብሎሻል።»

የተጎታቾች ማረፊያው ደረስን። እዚያ እህቴ ተጎታቹን ወደ ኋላ ወደ ቦታው ለማስገባት ሞከረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አራት ጊዜ። አጠገባችን ያረፉት ሰዎች ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ። እኔ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ላብ በላብ እስክትሆን ጠበቅኩና «ውረጂ፤ ይሄ የእኔ ሥራ ነው» አልኳት።

ስንት ዓመት አውቶቡስ ወደ ኋላ መልሻለሁ! ተጎታች ግን መሪውን ወደ ግራ ስታዞሪ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እኔ ይህን ሳላስተውል፣ ቤቱ እጥፍ ብሎ በቦታው የነበረውን የእንጨት ጠረጴዛ ገጭቶ ጣለው። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቋ ነበር፤ በእኔ ላይ መሆኑ ደስ አላለኝም።

እህቴ አልሳቀችም። መስኮቱ ጋ መጥታ «እጅሽን የመሪው ታችኛ ጫፍ ላይ አድርጊው። ቤቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጊው አቅጣጫ እጅሽን ውሰጂው» አለችኝ በቀስታ። ከኋላ ሄዳ ቆመችና እጇን እያወዛወዘች መራችኝ። እኔ እጇን በመስታወት እያየሁ፣ እሷ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለች አስገባነው። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ጠረጴዛውን ግን አብረን አነሳነው።

በመመለሻችን ቀን እኔ ነዳሁ። ቀኙን ይዤ ስሄድ የጭነት መኪኖች እየጮሁ ያልፉናል። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እህቴ ከኋላ ወንበር ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። እናቴ ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። እንዲህ ስታየኝ አይቻት አላውቅም፤ ወይም እንዲህ የምታየኝ እኔ ስተኛ ይሆናል።

«ቀስ ብለሽ ንጂላት» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዳትነቃ።»

ቅናቱ አሁንም አልለቀቀኝም። ቢሆንም ፍጥነቴን ቀነስኩ።