አንዴ ሲስቡት የሚፈታው ቋጠሮ

ልጅ ሳለሁ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከአያቶቼ ጋር ነበር የምኖረው። አባባ የፓርክ ስካውት፣ የዱር አራዊት ጠባቂ ስለነበር ረጅም ጠመንጃውንና ከእኔ የሚከብደውን የጀርባ ሻንጣውን ተሸክሞ ነጭ ሳር ሜዳ ላይ ለቀናት ይዞር ነበር። ቤት የሚያመሽባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩና ያኔ ለእኔ እንደ በዓል ነበሩ። ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ፋኖሱ ይለኮሳል፤ አባባ ፍሙን ገለጥ ገለጥ አድርጎ የበቆሎ እሸት ይደረድርበታል፤ እማማ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ጭሱ ሦስታችንንም እያስለቀሰን ወሬው ይጀመራል።

የሰው አያት ስለ ጅብና ስለ ዝንጀሮ ሲተርት የእኔው ስለ ጠመንጃ አያያዝ ነበር የሚያወራው። «ሻንጣ ተሸክመሽ ጠመንጃውን በአንድ ትከሻ ብታነግቺው ይንሸራተታል፤ ሰደፉ ጉልበትሽን ሲደበድበው ይውላል» ይለኛል። «ከሻንጣው ሥር ብታደርጊው ደግሞ አንበሳው ሲመጣ መጀመሪያ ሻንጣውን አውርጂ፣ በሶውን አስቀምጪ፣ ከዚያ ‹ጌታው፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ› በይው!»

የእሱ መላ ሌላ ነበር። ዶርዜ የሚኖረው የእማማ ወንድም የሸመነለት፣ ክሩን እማማ ራሷ የፈተለችለት ሰፊ የጥጥ ማንገቻ ነበረው። ጠመንጃውን ደረቱ ላይ አጋድሞ በዚያ ማንገቻ ከሻንጣው ሁለት ማንጠልጠያዎች ጋር ያስረዋል። ክብደቱ ለሁለት ትከሻ ይካፈላል፣ እጆቹ ነፃ ይሆናሉ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ አለ። እሱ እንደሚያወራው፣ አንድ ቀን አንበሳ መጥቶበት ቋጠሮውን ሳብ ሲያደርገው፣ አውሬው ዓይኑን ሳያርገበግብ ጠመንጃው እጁ ገባ፤ አንበሳውም አፍሮ ተመለሰ። መጀመሪያ ስሰማው አንዲት እንስት አንበሳ ነበረች። ክረምቱ ሲያልቅ ወሬው ውስጥ ከነባሏ መጣች።

እማማ ይህን ስትሰማ «እህ» ብቻ ትላለች። እሷ ጋሞኛዋን ትታ ለእኔ ብላ አማርኛ ስታወራ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው፤ «አንተ ልጅ፣ በቆሎውን ብላ፤ አንበሳው አይጠፋም» ትለኛለች። እኔ ግን አንዷን ቃል እንኳ አልጠራጠርም ነበር። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አዝዬ፣ የመጥረጊያ እንጨት ደረቴ ላይ አስሬ ግቢውን እዞራለሁ፤ አባባ ሲያፏጭ ቋጠሮዬን እስባለሁ። ዶሮዎቹን በዚህ ሁኔታ ስንት ጊዜ እንዳስደነገጥኳቸው እነሱው ይናገሩ።

አንድ ቀን የፓርኩ አለቃ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ መጥቶ ዕድሜያቸው የገፋ ስካውቶች ከእንግዲህ የፓርኩ በር ላይ ትኬት እንዲያዩ አዘዘ። ሜዳ መውጣት የሚፈልግ፣ ሙሉ ሸክሙን ይዞ ይፈተን፤ እስከ አርባዎቹ ምንጮች ሄዶ ይመለስ፤ በሩ አጠገብ ፊሽካ ሲነፋ ጠመንጃውን ወዲያው እጁ ያስገባ ተባለ። አባባ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሜዳው ሕይወቱ ነበር፤ ትኬት ከማየት አዞ ማጠብ ይሻለኛል ይል ነበር።

የፈተናው ዕለት ማለዳ፣ አባባ ጫማውን ሊቦርሽ ደጅ ሲወጣ፣ እማማ ፋኖሱ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ማታውኑ ቋጥሮ ያሳደረውን ማንገቻ በመርፌ ስትሰፋ አየኋት። የያዘችው ክር ለጋቢ የሚሆን ወፍራም ክር ነበር። ስፌቱ በትክክል ቋጠሮው ላይ ነው።

«እማማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንዳይፈታበት ነው» አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ልጅ ነበርኩና ቸርነት መሰለኝ።

አባባ ሲመለስ መላው ሰፈር በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ወጣቶቹ ስካውቶች ጠመንጃቸው እየተንሸራተተ፣ በአንድ እጃቸው እየደገፉት ደረሱ፤ የአንዱን አፈሙዝ የግራር ቅርንጫፍ ይዞበት ወደ ኋላ ተጎትቷል። አባባ ግን እጆቹን እያወናጨፈ መጣ። ይባስ ብሎ ሙዝ ይልጥ ነበር! ሰዉ አጨበጨበ፤ አለቃው ራሱ ፈገግ አለ። ፊሽካው ሲነፋ አባባ ሙዙን በጥርሱ ይዞ ቋጠሮውን ሳበ።

አልተፈታም።

ደግሞ ሳበ። በሁለት እጁ ሳበ። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ቀና ብሎ አገጩን መታው፣ ሙዙ ወደቀ። አባባ ባለበት ዞረ፤ ጠመንጃውም አብሮት ዞረ። ጎንበስ ሲል ሻንጣው ከነድስቱ ራሱ ላይ ወጣና በቂጡ ቁጭ አደረገው።

«አባባ፣ አንበሳው በላዎት እኮ!» አለ አለቃው፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ሮጬ ደረስኩና «እማማ ናት የ…» ስል አባባ እጄን ያዘኝ። ዓይኑ ስፌቱ ላይ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ ሾላ ሥር እንዝርቷን ይዛ የቆመችውን እማማን አያት፤ እሷም አየችው። መዳፉን ስፌቱ ላይ ጫነና ለአለቃው፣ «ቋጠሮው ደህና ነው። እጄ ነው ያረጀው» አለ። በንዴት አለቀስኩ። ያን ቀን ከአንበሳው በላይ እማማን ጠላኋት።

ማታ በቆሎው ተጠበሰ። ወሬ አይኖርም ብዬ አኩርፌ ተቀመጥኩ። አባባ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንበሳው መጣ» አለ፤ «ቋጠሮውን ሳብኩ፣ እምቢ አለ። አንበሳው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፤ በመጨረሻ ሰለቸውና ወደ ምዕራብ ዓባያ ሄደ።» እማማ ሳቀች። ባሏ ሲያወራ እሷ ስትስቅ ያኔ ገና ማየቴ ነበር፤ እንዝርቷ ከእጇ አምልጦ አመዱ ውስጥ ገባ።

አባባ ትኬት ማየት ከጀመረ በኋላ በየማታው ቤት ነበር። ዛሬ ስቆጥረው፣ የማስታውሳቸው ምሽቶች አብዛኞቹ ከዚያ ስፌት በኋላ ያሉት ናቸው። ያኔ ግን ይህን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም።

አባባ ካረፈ ቆየ። እኔም ስካውት ሆኜ ስቀጠር እማማ ያን ማንገቻ ከሳጥኗ አውጥታ ሰጠችኝ። ስፌቱ ተተርትሯል፤ መርፌው የወጋው ቀዳዳ ግን አሁንም ይታያል።

«እንዳይፈታበት ብለሽ አልነበር?» አልኳት።

«እንዳይሄድ ብዬ ነው» አለችኝ ሳትሸሽግ። «ጉልበቱ ሲንቋቋ ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?»

«አባባ አወቀ?»

«አወቀ እንጂ። አንድ ቀንም አልጠየቀኝም።» ማንገቻውን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ያንተን አልሰፋሁም።»

ምንም ቢሆን ማለዳ ከመውጣቴ በፊት ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳብ አደርገዋለሁ። እስካሁን ይፈታል፤ ጠመንጃው እጄ ላይ ይወድቃል። እማማ ግን ከሜዳ በተመለስኩ ቁጥር በርጩማው ላይ ተቀምጬ እንድነሳ ታዘኛለች፤ ስነሳ ጆሮዋን ወደ ጉልበቴ ታዘነብላለች።