አያቴ በቃል የበሏቸው ከተሞች

ልጅ ሳለሁ አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚደሰት ሰው ቢኖር እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ነበርን። ቴሌቪዥኑ ጭጭ ሲል፣ እናቴ «ይኼ መብራት ደግሞ» እያለች ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስትጎረጉር፣ እኛ በጨለማው እየተጋፋን ወደ በረንዳው እንወጣለን። እዚያ አያቴ አባባ ጉተማ በቆሎ ከሚጠበስበት የከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁናል። የቀኑ ወበቅ ቀስ እያለ ሲለቅ፣ ከፍሙ የሚነሳው ቀላ ያለ ብርሃን የአያቴን አገጭና እጃቸውን ብቻ ያሳየናል። ያኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንቆቅልሽ» ይላሉ፤ እኛም በአንድ አፍ «ምን አውቅልሽ» እንላለን።

ጨዋታው የታወቀ ነው። መልሱ የጠፋው ሰው ለጠያቂው ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም ሀገሩን ተቀብሎ «እዚያ ገብቼ ምን አጥቼ» እያለ ጥቂት ከተንደላቀቀ በኋላ መልሱን ይናገራል። ሌላ ሰው ዘንድ ይህ በአንድ እስትንፋስ የሚያልቅ ነገር ነው። አያቴ ዘንድ ግን ዋናው ተረት እሱ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወንጂና ከመተሐራ ስኳር እየጫኑ ሲያመላልሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ መኪናው ቀረ፣ ከተሞቹ ግን አብረዋቸው ቤት ገቡ። «ኢጆሌ፣ ሀገር ስጡኝ» ይሉናል፤ ልጆች ማለታቸው ነው።

ሻሸመኔን የሰጠናቸው እንደሆነ መጀመሪያ መኪናቸውን ገበያው ዳር ያቆማሉ። ወርደው እግራቸውን ያፍታታሉ። ረዳታቸው መኪናውን ሲጠብቅ እሳቸው ቦንቦሊኖ ወደምትጠብሰው ሴት ሄደው ዘይቱ ሲንጫጫ ያዳምጣሉ፤ ትኩሱን ተቀብለው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያገላበጡ እፍ እፍ ይሉበታል፤ ሲገምጡት የተነሰነሰበት ስኳር ጺማቸው ላይ ይቀራል። ወለንጪቲን ከሰጠናቸው፣ ከወሎ የመጡ አንድ ባለሱቅ ሐላዋውን በቢላ ቆርጠው በወረቀት ይጠቀልሉላቸዋል፤ ወረቀቱ ቅባቱን ሲጠጣ እንደ መስኮት ብርሃን ያሳልፋል። ዝዋይ ላይ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት የድንች ጥብስ በጋዜጣ ነው። አቦምሳ ላይ ደግሞ መሐሉ ነጭ ክሬም ያለው እሽግ ብስኩት አለ፤ ሁለቱን ገጽ ለያይተው ክሬሙን በጥርሳቸው ይፍቃሉ። እሽጉ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ እንኳ በአፋቸው ያሰሙን ነበር።

እኛ በእጃችን ያለውን በቆሎ ረስተን ምራቃችንን እንውጣለን። አያቴን ለማስበላት ስንል የምናውቀውንም አናውቅም ማለት ጀመርን። ሕፃን የሚመልሰውን፣ ስሄድ የሚሄድ ስቆም የሚቆም የሚለውን እንኳ፣ ትንሹ ወንድሜ «ጥላ» ሊል አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸም አደርገውና «አላወቅንም፣ ሀገር ይውሰዱ» እላለሁ። አያቴ ተንኮላችን የገባቸው ይመስለኛል፤ አንድም ቀን ግን አልተቃወሙም።

እናቴ ጫልቱ የአያቴ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ለዚህ ጨዋታ ወጥታ አታውቅም። በሻማ ብርሃን ሽንኩርት ትልጣለች፣ ልብስ ታጥፋለች፣ የአያቴ ድምፅ ሞቅ ሲል «ለአፍ ዳገት የለውም» ብላ ስታጉረመርም እሰማለሁ። እኛ አንድ ነገር ደብቀን ስንበላ ካየች ደግሞ ቁጣዋ ልክ አልነበረውም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትልና፣ አንዲት ከረሜላ እንኳ ብትሆን በጥርሷ ሰብራ ታካፍለናለች። ለከረሜላ ይህን ያህል ምን ያስቆጣል እያልኩ እገረም ነበር።

አንድ ምሽት ፍሙ ሊከስም ሲል እናቴ ከሰል ልትጨምር ወጣች። አያቴ አቦምሳ ላይ ነበሩ። ብስኩቱን በልተው ጨርሰው፣ ቤት ደርሰው ከመኪናው ሲወርዱ ፍርፋሪውን ከኮታቸው ላይ እንዴት እንደሚያራግፉ በእጃቸው አሳዩን፤ እኛ ሳቅን። እናቴ አልሳቀችም። የከሰሉን ሳህን መሬት አስቀምጣ መሐላችን ቁጭ አለችና፣ ዛሬ እኔ ልጠይቅዎ አለቻቸው። እናቴ ስትጫወት አይቼ ስለማላውቅ ደስታዬን አልቻልኩትም።

«እንቆቅልሽ» አለች።

«ምን አውቅልሽ፣ ልጄ» አሉ አያቴ ፈገግ ብለው።

«ከበላ በኋላ አፉን ሳይሆን ልብሱን የሚጠርግ።»

ትንሹ ወንድሜ ድመት አለ። እኔ ሕፃን ልጅ አልኩ። እናቴ ዓይኗን ከአያቴ ላይ ሳታነሳ ራሷን ነቀነቀች። ፈገግታው ከአያቴ ፊት ሲጠፋ በፍሙ ብርሃን አየሁት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የፈለግሽውን ሀገር ውሰጂ አሏት። አቦምሳን አለች።

«አቦምሳ ገብቼ ምን አጥቼ» ብላ ጀመረች፤ እንደ አያቴ ግን አላስረዘመችውም። ሱቅ ገባች፣ አንድ ፓኬት ብስኩት ገዛች፣ ሳትከፍተው ኪሷ ከተተችው፣ ይዛው ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሌላ የተናገረችው የለም።

ትንሹ ወንድሜ ቸኩሎ ነበርና «መልሱስ?» አለ። አያቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፣ «መልሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ያኔ እናቴ እየቆራረጠች ነገረችን። አምስት ልጆች ነበሩ። የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ስለሚያውቁት ገና ከመንገድ ሳይታጠፍ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። አባታቸው ኮታቸውን እያራገፉ ይወርዳሉ፣ እጃቸው ባዶ ነው። ልጆቹ ኪሳቸውን ሲፈትሹ የሚያገኙት የታጠፈ የብስኩት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ያሸቱታል፣ ይልሱታል። ትልቋ እሷ ስለነበረች፣ ታናናሾቿን አይጥ መኪናው ውስጥ ገብታ በላችው እያለች ታጽናናቸው ነበር።

«አምስት ነበራችሁ» አሉ አያቴ። «አንድ ፓኬት ይዤ ፊታችሁ መቆም አሳፈረኝ።»

«አንድ ብስኩት ለአምስት ይሰበር ነበር፣ አባዬ።»

በዚህ መሐል መብራት መጣ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ በልጆች ጩኸት ተናወጠ፤ እኛ በረንዳ ላይ ግን የተነሳ የለም። የአያቴን ፊት በብርሃን ማየት ስለከበደኝ ምድጃውን ስመለከት ቆየሁ። ስናስበላቸው የኖርነው እኛ መሆናችን ትዝ ሲለኝ፣ በደሉን ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ እናቴን የበደልኳት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ አያቴ ሀገር አልወሰዱም። እንቆቅልሽ ይጠይቁናል፣ ሳናውቅ ስንቀር መልሱን ዝም ብለው ይነግሩናል፤ ጨዋታው ግን ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነ። በምትኩ ጠዋት ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ አንድ ፓኬት ብስኩት ይገዙና ሳይከፍቱ ለእናቴ ይሰጧታል። በልታ እስክትጨርስ ከአጠገቧ አይሄዱም። መጀመሪያ መጀመሪያ ትቆጣቸው ነበር፣ እኔ ልጅ ነኝ እንዴ ትላቸዋለች፤ ኋላ ኋላ በሁለት እጇ እየተቀበለች ለእኛ መስበር ጀመረች። አያቴ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ስማቸው በተነሳ ቁጥር እናቴ «አባቴ ሰስተው አይደለም፣ አፍረው ነው» ትላለች፤ ስትለውም ፊቷ ያርፋል።

ዛሬ እኔም የመንገድ ሰው ነኝ። መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ስለምሠራ በየሳምንቱ እስከ ሻሸመኔ ወርጄ እመለሳለሁ። በየሱቁ ደጃፍ ላይ አዲስ እሽግ ተንጠልጥሎ ካየሁ ሳልቀምሰው አላልፍም። በርበሬ የተነሰነሰበት ቺፕስ፣ ሰሊጥ የለበሰ ኦቾሎኒ፣ ማላነበው ፊደል የተጻፈበት ከየት እንደመጣ የማላውቀው ዋፈር፣ አንዳንዱ ጣዕሙ ሳሙና ሳሙና የሚል፣ አንዳንዱ ጣት የሚያስልስ። ሞጆ ስደርስ መኪናዬን ዳር አስይዤ የቀረውን እጨርሳለሁ፣ ወረቀቱን እጥላለሁ፣ አፌን በውኃ እጉመጠመጣለሁ። ከዚያ ለልጆቼ ሙዝ ገዝቼ እገባለሁ። ቺፕስ ሲለምኑኝ ጥርስ ያበላሻል፣ ሆድ ይነፋል እላቸዋለሁ።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሙዙን ስትልጥላቸው እያየሁ ብዙ ጊዜ አያቴን አስባለሁ። እሳቸው የሚያሳፍራቸው ነበራቸው፣ አምስት ልጅና አንድ ፓኬት። የእኔ ልጆች ሁለት ናቸው፤ ለሁለት መግዛት አላቃተኝም። እያለኝ፣ እየተረፈኝ፣ መስኮቱን ዘግቼ ብቻዬን እበላለሁ፣ ብቻዬን ስለምበላውም ይበልጥ ይጣፍጠኛል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የአያቴ ከተሞች አንድ በአንድ ይታወሱኛል። በዚያ ሁሉ ገበያ፣ በዚያ ሁሉ ሱቅ ደጃፍ፣ ረዳታቸው እንኳ ቢሆን አንድም ቀን አብሯቸው የቀመሰ ሰው አልነበረም፤ ሲያወሩትም ያ የጎደላቸው አይመስሉም ነበር። እናቴ ግን ይቅር ያለቻቸው አፍረው ነው ብላ ነው። እኔ የማውቀውን አልነግራትም።