የኩባዋ ሐኪም የምትጠይቀው ቃል

የልጅ ልጄ እስፓኒሽ የምትማረው ከስልክ ነው። ሶፋ ላይ ተጋድማ አንድ ቃል በነካች ቁጥር ስልኩ ያጨበጭብላታል፤ ስትሳሳትም ያባብላታል። እኛን ሲያስተምሩን የሚያጨበጭቡት ጆሯችን ላይ ነበር። ትናንት ያ ስልክ «ዱዌሌ» ሲል ሰማሁና የማጥፈውን ልብስ አስቀመጥኩ። «ያማል» ማለት ነው። ከዚያ ቋንቋ የማውቀው ግሥ እሱን ብቻ ነው፤ የተማርኩትም እዚሁ ሐረር፣ አልኮል አልኮል በሚሸት የሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ነው።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ የኩባ ሐኪሞች ከተማችን ነበሩ። እናቴ ከእምብርቷ በታች የሚወጋትን ነገር መቀነቷን አጥብቃ እያሰረች ስትችለው ከርማ፣ እስከ ፈላና በር ገበያ ድረስ መሄድ ሲያቅታት ደግፌ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ሴት ነበረች። አስተርጓሚው ግን ጓድ ዘውዱ የሚባል፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የማያወልቅ፣ ኩባ ለጥቂት ወራት ኮርስ ደርሶ በመምጣቱ አማርኛ የተረሳው የሚመስል ሰው ነበር።

«ሴትዮ፣ እንዴት ነሽ ትላለች» አላት፣ እናቱ የምትሆነውን ሴት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። ይህ የሰላምታ መልስ ነው፤ የሚያጣጥር ሰው እንኳ ይለዋል። ሕመሙ የሚነገረው ከዚያ በኋላ፣ ተለምኖ፣ ወንድ ከክፍሉ ወጥቶ ነው። ጓድ ዘውዱም እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነውና ይህን አያጣውም። ግን «ደህና ናት» ብሎ ተረጎመና ቀጣዩን ተራ ጠራ። ቫይታሚን ይዘን ወጣን።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ከሐኪሟ በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ በደንብ አይዘጋም። የሁሉንም ሰው ገላ እየተጫነች «ዱዌሌ?» ትላለች፤ ከሶፊ ገጠር የመጣው ገበሬ «ዋይ!» ይላል፣ የጀጎሏ ባልቴት «ያ አላህ!» ይላሉ። ከጓድ ዘውዱ ትርጉም ይልቅ ያ ጩኸት ግልጽ ነበር። እሱ ስለ ሁሉም በሽተኛ የሚለው «ሜ ዱዌሌ» ነው፤ እኔም ያንኑ ቀዳሁ።

በሌላ ቀን እናቴን ደግፌ አምጥቼ፣ እሱ ለምሳ ሲወጣ ጠብቄ አስገባኋትና «ሜ ዱዌሌ» አልኩ። ሐኪሟ እኔን አልጋ ላይ አስተኝታ የእኔን ሆድ መጫን ጀመረች። ለካ የከተማውን ሰው ሕመም ሁሉ «እኔን ያመኛል» እያለ ሲያወራ ኖሯል ያ ሰውዬ! እናቴ እየወጋትም ሳቀች። ሐኪሟ ሲገባት ወደ እናቴ እያመለከተች «ሌ ዱዌሌ» አለች፣ «እሷን ያማታል» ማለቷ ነው፤ ደገምኩላት። ያኔ እናቴ ዙሪያዋን አየችና፣ ወንድ አለመኖሩን አረጋግጣ መቀነቷን ፈታች።

ኦፕራሲዮን ሆና ዳነች፤ የሞተችውም አርጅታ ነው። ጓድ ዘውዱ ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ፣ መነጽሩን እንዳደረገ፣ «እናትሽን እኮ ያዳንኳት እኔ ነኝ» ይለኛል። ሰላም ብዬው አልፋለሁ። ሙግት ለሚገባው ሰው ነው።

ትናንት ልብሱን አጥፌ ስነሳ ጉልበቴን ያዝኩ።

«እማማ፣ ያምዎታል እንዴ?» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እናቴ ይህን ስትል የማያምናት ሰው ነበራት። ልጅቱ አመነችኝ። ስልኩም አጨበጨበላት።