የራዲያተር ሠሪው ደም ሥር

ሎጊያ ላይ ራዲያተሩ ያንጠባጠበበት ሾፌር ሁሉ ካሊድን ያውቀዋል። በልጅነቱ ከወሎ ወርዶ፣ የጉድጓዱ ጨዋማ ውሃ የበላውን ራዲያተር ሲያጥብና ሲበይድ ፀጉሩ ሸበተ። ስለ ዝገት ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም ነበር፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ደም ግፊት አለብህ ተብሎ ሰመራ ላይ ክኒን የታዘዘለት ቀን፣ አንዲት የጤና ባለሙያ ወረፋ ለሚጠብቁት በሽተኞች ስለ ምግብ ታስረዳ ነበር።

«ከርከዴ ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባል ነገር አለ» አለች። «የደም ሥራችን ግድግዳ እንደ ብረት ይዝጋል በሉት፤ ይህ ነገር ዝገቱን ያለዝባል። ግን ከክኒኑ ጋር እንጂ በክኒኑ ፈንታ አይደለም።»

ካሊድ ዝገት የምትለውን ሲሰማ ደስ ብሎት የቀረውን አላዳመጠም።

ሚስቱ ኑርሀያት ጠዋት ማታ ቀዩን የከርከዴ አበባ እንደ ሻይ ታፈላለት ጀመር። ግፊቱ ወረደ። ከሁለቱ የትኛው እንዳወረደው ማን ይጠይቃል? ቱቦው ከጸዳ ክኒን ምን ይሠራል ብሎ ተወው። ትጨቀጭቀኛለች ብሎ ለሚስቱ አልነገራትም። እንደሱ ግፊት ላለበት ደንበኛው ለሾፌሩ ለእሸቴ ግን ምክሩን በነፃ ለገሰው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መበየጃው ከእጁ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ሐኪሙ ኑርሀያትን «ክኒኑን ያቋርጥ ነበር?» ቢላት «ወላሂ፣ አንድም ቀን አላቋረጠም» አለች። ሰፈሩም ምች ነው አለ። እውነቱን የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ መናገር አይችል፣ ፊደል አልቆጠረ። ከዚህ የባሰ እስራት አላውቅም።

ትናንት ኑርሀያት ገበያ ሄዳ ብቻውን በር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የእሸቴ መኪና መጥታ ቆመች። እሸቴ አጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ምች እንዲህ ያደርጋል? አይዞህ ካሊዶ። እኔማ እንዳልከኝ ክኒኑን ትቼ በከርከዴው ብቻ ነው ያለሁት። አንዳንዴ ራሴን ያዞረኛል እንጂ ደህና ነኝ።»

ካሊድ በግራ እጁ የእሸቴን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። ከአፉ የወጣው ግን ምራቅና ማቃሰት ብቻ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፣ ደግሞ ነቀነቀ። እሸቴ ናፍቆት መሰለው።

«አውቃለሁ ወንድሜ፣ እኔም ናፍቀኸኛል» አለና ምራቁን በፎጣው ጠረገለት። ከዚያ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ከክንዱ አላቆ፣ መኪናው ላይ ወጥቶ ጉዞውን ወደ ጅቡቲ ቀጠለ።