ከሸንተረሩ ወዲህና ወዲያ የተቆጠሩ አጋዘኖች

ይህ ጉዞ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የአደን ወሬ ሲባል ሰው ተኩስ ይጠብቃል፤ እኔ በሄድኩበት ግን አንድም ጥይት አልተተኮሰም። የተያዘው እርሳስ ነው፤ ጥፋቱም የተሠራው በእርሳስ ነው። ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ አጋዘን ምን ታውቃለች ቢባል መልስ የለኝም። ቢሆንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ስለቀደድኩት፣ አሁን ሳልቀድ ልጨርሰው።

የጉዞው ዓላማ ቆጠራ ነበር። ከአሰላ በላይ ባለው ተራራ የደጋ አጋዘን አለ፤ የአርሲ ሰዎች ገደምሳ ይሉታል። በየዓመቱ የአደን ወቅት ከመድረሱ በፊት ይቆጠራል። የጎለመሱት ወንዶች ከአምናው ካነሱ በዚያ ተራራ አደን አይፈቀድም፤ ካላነሱ ከውጭ ለሚመጡ አዳኞች ሁለት ሽማግሌ ወንድ አጋዘን የመግደል ፈቃድ ይሰጣል። የባዮሎጂ መምህራችን «ቆጠራውን የሚመራው ባለሙያ ሁለት መዝጋቢ ይፈልጋል» ሲል መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የማወጣው እኔ ነኝ። ሁለተኛው የክፍሌ ልጅ ሮቤል ነው።

ዓርብ፣ ከአዳማ መውጣት

ከቤት እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሄድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ቦርሳዬን አራት ጊዜ ፈትቼ አስሬያለሁ። ሮቤል አርፍዶ መጣ፤ አንገቱ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አንጠልጥሏል።

«ቤቲ፣ ካልሲ ብቻ ነው እንዴ የያዝሽው? ቦርሳሽ ሊፈነዳ ነው» አለኝ።

«ተራራው ይበርዳል።»

«አቦ ተረጋጊ፤ አጋዘኑ አይፈትንሽም።»

ለአሰላ ሚኒባስ ሰው በሁለት መቶ ብር ይጫናል። አጠገቤ የተቀመጡት ከወሎ መጥተው አዳማ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ እናት ነበሩ፤ ዴራ ላይ ነው የሚወርዱት። መልካሳ ላይ የአዋሽን ድልድይ ስናልፍ፣ ወደ ሶደሬ የሚታጠፉ የቤት መኪኖች መንገዱን ስለዘጉት ቆምን። እናትየው ወሬ ጀመሩ።

«ወዴት ናችሁ ልጆቼ?»

«አጋዘን ልንቆጥር፣ እማማ።»

«ከቆጠራችሁ በኋላስ?»

«በቂ ከሆነ አደን ይፈቀዳል።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ልታስገድሉት ነው የምትቆጥሩት።»

ሮቤል ሳቀ። እኔ ግን በትክክል ላስረዳቸው ብዬ ስለ ሽማግሌ ወንዶች፣ ከፈቃዱ በሚገኘው ገቢ ስለሚቀጠሩ ጠባቂዎች፣ ስለ ሚዛን ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «እኔም በጎቼን የምቆጥረው ለዚሁ ነው፤ አይክፋሽ» አሉኝ። ዴራ ላይ ሲወርዱ ለእኛ ብለው ሁለት ብርቱካን ወንበሩ ላይ ተዉልን።

ከኢተያ በኋላ አየሩ ተለወጠ። የስንዴው ማሳ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ መስኮቱን የከፈተ ሁሉ ዘጋው። አሰላ ላይ ቆጠራውን የሚመሩት አቶ ታምሩ በአሮጌ ፒክአፕ ተቀበሉን፤ ዝምተኛ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። መኪናው እስከቻለበት ሄድን፤ የቀረውን ሁለት ሰዓት በእግር።

ቅዳሜ፣ ኦቦ ቃሲም

የእኔ መንገድ መሪ ኦቦ ቃሲም ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል አዳኞችን እየመሩ አውሬ ያሳዩ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ከአራት ሰዎች ጋር ተራራውን የሚጠብቁ ናቸው። ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላኮ» አሉኝ ገና ሳይነጋ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ ካፖርት ይንኮሻኮሻል። አውልቂው።»

«ይበርደኛል።»

«ገደምሳ ከሚሰማሽ ቢበርድሽ ይሻላል። እንኪ የኔን ጋቢ።»

አቶ ታምሩ ደንቡን አስረዱን። ተራራውን ሸንተረር ለሁለት ይከፍለዋል። እኔና ኦቦ ቃሲም በምሥራቅ፣ ሮቤልና ሌላ መሪ በምዕራብ እንቀመጣለን። ስናይ ጾታውን፣ ዕድሜውን፣ ሰዓቱን እንጽፋለን። አጋዘን ሸንተረሩን ስለሚሻገር፣ በሁለቱም ወገን በተቀራረበ ሰዓት የታየ ወንድ እንደ አንድ ይቆጠራል። ሰዓቱ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ስልኬ በብርዱ ሞቶ ነበር። ሰዓቱን ከኦቦ ቃሲም የእጅ ሰዓት እየጠየቅኩ ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ወንድ ወጣ። መጀመሪያ ያየሁት ቀንዱን ነው፤ ተጠማዞ ወጥቶ ጫፉ ነጣ ያለ፣ ግራው ግን ተሰብሯል። ከኋላው ሁለት ሌሎች ወንዶች ነበሩ። ሦስቱም ቀስ እያሉ ወደ ሸንተረሩ ወጥተው ማዶ ተሰወሩ። ጽሑፌን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት።

እስከ ቀትር ሁለት ወንዶች ተጨመሩ፤ በድምሩ አምስት። ሴቶቹ ብዙ ናቸው፤ ግልገል ያስከተሉት ግን ጥቂት። ኦቦ ቃሲም በጠጡን በእንጨት እየገለበጡ ያሳዩኝ ነበር፤ ደረቅና የተፈረካከሰ ሲሆን ሣሩን ከብት ቀድሞ እንደጨረሰው ይነግራል አሉኝ። አንድ ቦታ የግልገል ቆዳ አገኘን። «ውሻ ነው» አሉ። «ጅብ ቢሆን አጥንቱን አይተውም ነበር።»

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሊተኙ ቁጥቋጦው ውስጥ ተሰወሩ። ዳቦ በላን፤ ስለ አደን ጠየቅኳቸው።

«አንዱ ፈረንጅ ዘጠኝ ቀን ጠበቀ» አሉ። «በአሥረኛው ቀን ትልቅ ወንድ ሲመጣ እጁ ቀዝቅዞ ቃታውን መሳብ አቃተው፤ ገደምሳው ሄደ። ሰውዬው ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከዚያ አቀፈኝ። እኔ የማስታውሰው አደን እሱ ነው።»

«ያልተሳካው?»

«የተሳካውን ሁሉም ያወራዋል። በአባቴ ጊዜ ጎሽ የገደለ ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ገደምሳ ሥጋ እንጂ ማዕረግ አልነበረም። አሁን ተገላበጠ።» ጉልበታቸውን ያዙ። «የቀረኝ አንድ ወቅት ነው፣ ኢንተላኮ። ዘንድሮ ከመራሁ በኋላ በቃኝ። በአልጋ ላይ ሳይሆን በተራራ ላይ ልጨርሰው።»

ማታ በቀበሌው አዳራሽ ወረቀቶቹ ተሰበሰቡ። ሮቤል ከፍታው ራሱን ስላሳመመው በማዶው መንደር ተኝቶ ወረቀቱን በፈረሰኛ ልኮ ነበር። አቶ ታምሩ ጮክ ብለው አነበቡ። የእኔ፦ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ። የሮቤል፦ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ሦስት ወንድ፣ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ።

«በዚያ በኩል ጠዋት ጉም ነበር፤ ከቀትር በኋላ ነው የወጡላቸው» አሉ አቶ ታምሩ። የሚቀራረብ ሰዓት ስላልተገኘ አምስቱና አራቱ ተደመሩ። ዘጠኝ። አምና ስምንት ነበር።

ጠባቂዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። «እጇ መልካም ነው» አለ። ኦቦ ቃሲም ምንም አላሉም፤ በእሳቱ ላይ እንጨት ጨመሩ። እኔ በጣም ደስ ስላለኝ ዝምታቸውን እንደ ድካም ቆጠርኩት።

ማክሰኞ፣ አዳማ

ካፍቴሪያ ውስጥ ሮቤል ፎቶዎቹን አሳየኝ። ከሩቅ የተነሱ፣ ደብዛዛ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ግራ ቀንዱ የተሰበረ ወንድ ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ሌሎች።

«ስንት ሰዓት ነው ያነሳኸው?»

«ሰባት ከአሥር፤ ተጽፎበታል እኮ።»

ጥላው ረጅም ነበር። በቀትር የቆመ እንስሳ እንደዚያ ያለ ጥላ አይጥልም።

«ሮቤል፣ ስልክህ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው?»

«ታዲያ በምን ይቁጠር? ኳስ የማየው በሱ ነው።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ቅጹ ላይ ሰዓት ብቻ ነው የሚለው፣ ቤቲ። ስልኬ ያለኝን ጻፍኩ።»

የእኔ አንድ ሰዓት የእሱ ሰባት ሰዓት ነው። ሦስቱን ወንዶች እኔ ሲወጡ፣ እሱ ሲወርዱ ቆጥረናቸዋል። ዘጠኝ ሳይሆን ስድስት። ከአምናው ያነሰ።

በዚያ ሳምንት ያጠናሁት ነገር የለም። ቁጭ ስል መልሼ እነሳለሁ፤ ስነሳ የምሄድበት የለኝም። እናቴ «የልብ ምትሽ ከዚህ ይሰማኛል፤ ምን ሰረቅሽ?» አለችኝ። አልሰረቅኩም፤ ግን ሰዎች እኔን ያመሰገኑበትን ነገር መልሶ መውሰድ አልቻልኩበትም። ለአቶ ታምሩ መደወል ቀላል ነበር። ኦቦ ቃሲም ግን ወሬውን ከወረቀት እንዲሰሙ አልፈለግኩም፤ የሚሰረዘው የእሳቸው የመጨረሻ ወቅት ነው።

ቅዳሜ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ላይ

ብቻዬን ሄድኩ። መንገዱ ያው ነው፤ እኔ ግን ከመልካሳም ከኢተያም ምንም አላየሁም፤ በልቤ የምናገረውን እየደጋገምኩ ነበር። ከአሰላ በላይ ገብስ የጫነ መኪና አሳፈረኝ።

ኦቦ ቃሲም ደጃፋቸው ላይ ኮርቻ ይሰፉ ነበር። ባለቤታቸው እርጎ አቀረቡልኝና ገቡ። የሰዓቱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። መርፌያቸው አልቆመም።

«ገደምሳ ሰባት ሰዓት ላይ ምን ያደርጋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ይተኛል። አብረን አይተናል።»

«ታዲያ አዲስ ነገር አልነገርሽኝም።»

«አቶ ታምሩ ሲያነቡ አውቀው ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ለምን መጣሽ? ስልክ አለሽ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ስሚኝ። አደን ከቀረ ጠባቂ ይቀራል። ጠባቂ ከቀረ ውሻውና መጥረቢያው ይገባል። ሁለት ሽማግሌ ይሞቱና የቀሩት ይኖራሉ። ይሄን ማን ሐሰት ነው ይላል?»

እውነታቸውን ነው። እሺ ብዬ ብነሳ ደስ ይላቸዋል፤ ሰው ደስ ማሰኘት ደግሞ ልማዴ ነው። እርጎውን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አልጠጣሁትም።

«ኦቦ ቃሲም፣ ከስድስቱ ሽማግሌ የሚባሉት ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«እነሱ ቢገደሉስ?»

«አራት ይቀራል።» ቀና ብለው ተራራውን አዩ። «ከአራቱ አንዱ ያነክሳል። አንዱ ገና ጎረምሳ ነው፤ ሴቶቹ አያስጠጉትም።»

ሌላ አልጠየቅኩም። የተናገሩትን ራሳቸው እንደሰሙት ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ኮርቻውን ከጭናቸው አወረዱ።

«ሂጂ ንገሪው። እኔ አልመጣም።»

እስከ በሩ አልሸኙኝም።

አሰላ ላይ አቶ ታምሩ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው አዩ። መነጽራቸው በክሩ ደረታቸው ላይ ወደቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ቅጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። በኢትዮጵያ ሰዓት የምትል ሁለት ቃል ብጨምር ኖሮ…» አልጨረሱትም። ማስተካከያውን እዚያው ጽፈው እኔም ፈረምኩ። ከዘጠኙ ሥር የነበረው ስማችን ሁሉ አሁን ከስድስት ሥር ሆነ።

ወደ ቤት

አዳማ ስደርስ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። እናቴ በሩን ስትከፍት ጫማዬን አይታ «ተራራ ሄደሽ ነበር?» አለችኝ። ሄጄ ነበር አልኳት፤ ዝርዝሩን ከራት በኋላ ነገርኳት።

ከጉዞው የተማርኩት እንዲህ ነው። የመንጋ ጤንነት በቁጥር ይለካል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ቁጥሩ ግን የሚጻፈው በሰው እጅ ነው፤ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ቁጥር አለው። እኔም ነበረኝ። ትክክለኛውን መናገር ተራራውን ያድን ወይም ይጉዳ አላውቅም። ከአምስቱ ጠባቂዎች ሦስቱ ሥራ ፍለጋ ወደ መቂና ባቱ ወደ አበባ እርሻ እንደወረዱ ሰምቻለሁ፤ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ሳስብ አሁንም ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ።

ኦቦ ቃሲም ለሳምንታት ስልኬን አላነሱም። ከዚያ አንድ ጠዋት ራሳቸው ደወሉ።

«ደብዳቤው ተለጥፏል» አሉ።

«ይቅርታ፣ ኦቦ ቃሲም።»

«ተቀይሜሻለሁ። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲመጣ ግን ሌላ መዝጋቢ እንዳይልኩ ንገሪያቸው።»

አደኑ ለዘንድሮ መዘጋቱን የሚገልጸው ያ ደብዳቤ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።