የቤዝ ጊታሩን አንገት ፍለጋ ወደ ባምባሲ

ከአሶሳ የተነሳሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። የሄድኩት የኪነት ቡድናችንን ቤዝ ጊታር ላስጠግን ነው። ክልላችን አዲስ ነው፤ ቡድናችንም አዲስ ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ግን ካለፈው ዘመን የተረፉ አሮጌዎች ናቸው። ቤዙን የምጫወተው እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እንደዚህ የወደድኩት ነገር የለም። ቤዝ የሚጫወት ሰው ከኋላ፣ ከድራሙ አጠገብ ይቆማል። ሕዝቡ የሚያየው ዘፋኙን ነው። የሰው ዓይን ለሚከብዳት ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል?

ጊታሩ የተሰበረው ከገጠር ትርዒት ስንመለስ ነው። መኪናው ላይ ከበሮ ተጫነበትና አንገቱ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ከበሮ የሚወጥርልን ሰው ሊረዳን ብሎ በእርጥብ ጠፍር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ጠፍሩ ሲደርቅ ተኮማተረና አንገቱን እንደ ቀስት አጎበጠው። የቡድኑ መሪ አቶ ታምሩ አገላብጦ አየውና «በቃ፣ ይሄ ሞቷል። አንቺ ከሰኞ ጀምሮ ከፊት ከተወዛዋዦቹ ጋር ትሆኛለሽ» አለኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ።

ተስፋ የሰጠኝ ድራም የሚመታው ይመር ነው። ያደገው ባምባሲ አጠገብ፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች መንደር ውስጥ ነው። «ጋሽ ሰይድ የሚባል አናጢ አለ» አለኝ። «የድሮው የመንደራችን ኪነት ቤዝ አንገት እሱ ቤት ነው። ገላውን ምስጥ በላው እንጂ አንገቱ ደህና ነው።» አቶ ታምሩን ለመንኩትና እስከ ሰኞ ፈቀደልኝ።

በመኪናው ላይ

ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጨውና ሳሙና በጫነ መኪና ላይ ወጣሁ። ረዳቱ ለእኔ የሰው፣ ለጊታሩ የግማሽ ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። መከራከር አፍሬ ከፈልኩ። መንገዱ ቀይ ጠጠር ነው። ግራና ቀኙ ቀርቀሃ፣ አለፍ ሲል የማንጎ ዛፍ፣ ከዚያ ደግሞ ከሰው የሚረዝም ሣር ነው። አቧራው ሁላችንንም አንድ መልክ አደረገን።

ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሼህ አትሂብ ይባላሉ። የአፍ መፍቻቸው በርታ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው? በሽተኛ ነው?»

«ጊታር ነው፣ አባባ።»

«ለምን ብርድ ልብስ ለበሰ?»

«ተሰብሮ ነው።»

«አዪ፣ መስኪን!» አሉና ብርድ ልብሱን እንደ ሕፃን መታ መታ አደረጉት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ገልጬ አሳየኋቸው። የዚህ ጊታር አንገት ገላውን መሐል ለመሐል አቋርጦ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ወጥ እንጨት ነው። በጣታቸው ተከትለውት ወረዱ።

«ከላይ እስከ ታች አንድ እንጨት? ወላሂ፣ ችግር ነው። እኛ ዋዛ የሚባል መለከት አለ፣ ከቅል ነው። ቅል ቅል ውስጥ ይገባል፣ ይረዝማል። አንድ ቅል ተሰነጠቀ፣ አንድ ቅል እንቀይራለን። ሌላው ይኖራል። ይሄን የሠራ ሰው፣ ይሰበራል ብሎ አላሰበም።»

ከዚያ በኋላ እስከ ባምባሲ ድረስ ዓይኔ ከስንጥቁ ላይ አልተነሳም።

ጋሽ ሰይድ ቤት

አንገቱን ያገኘሁት ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ ነው። በአራቱ የክር መወጠሪያዎች ላይ ቆብ፣ ሙስበሃ የሚሉት መቁጠሪያ፣ የሽንኩርት ጉንጉንና የጋሽ ሰይድ ባለቤት የወይዘሮ ዘይነባ ሻሽ ተሰቅለውበታል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ወይዘሮ ዘይነባ ወገባቸውን ያዙ።

«ኧረ ሰይድ! ሻሼን የት ልሰቅለው ነው?»

«ምስማር እመታልሻለሁ እቴ።»

«አንተ ነህ የምትመታልኝ? የአናጢ ሚስት ሆኜ በሬን በድንጋይ ነው የምዘጋው!»

ጋሽ ሰይድ ጊታሬን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ሲነኩት እጃቸው ቀስ ይላል። «ያሳዝናል፤ ይሄ መቆረጥ የለበትም» አሉ። «በኮላ አጣብቄ፣ በላሜራ አቅፌ፣ በምስማር እመታዋለሁ።»

እኔ ግን አንገቱ መጉበጡን አውቃለሁ። ቢጣበቅም ድምፁ አይስተካከልም፤ ሰኞም ከፊት መቆሜ ነው።

«ይቆረጥ» አልኩ።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።»

«ከገላው ላይ ይቆረጥ! የግድግዳው ይገጠምበት!»

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ወይዘሮ ዘይነባ ከት ብለው ሳቁ። ጋሽ ሰይድ «አብሽሪ፣ ሰማሁ። ግን መጋዝ ከነካው በኋላ መመለሻ የለውም» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኩና ገላውን በሁለት እጄ ያዝኩላቸው። መጋዙ ሲገባ ገላው እንዳይንቀሳቀስ ተጫንኩት። አንገቱ ሲለያይ እንጨቱ ውስጡ ነጭ ነበር።

ከዚያ በመሮ ለአዲሱ አንገት የሚሆን ጉድጓድ ገላው ላይ ፈለፈሉ። ልክ መሆኑን የምናውቀው በሲባጎ ነው። ከላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት እስከ ታችኛው ብረት ዘርግቼ ለሁለት አጠፍኩት፤ እጥፋቱ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከፍሬቶቹ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም። «ጉድጓዱ ጣት ያህል ወደ ታች ይርዘም» አልኳቸው። አረዘሙት። ማታ ከነርሱ ጋር አደርኩ። እሑድ ጠዋት ሲባጎው ልክ መጣ። ከጀርባው ላሜራ አድርገው በአራት ቪት አሰሩት። አንደኛው የክር መወጠሪያ ዝጎ ስለነበር ከተቆረጠው አንገት ነቅለን ተካነው።

ማጉያ የለም፤ መብራትም የለም። የጊታሩን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ወፍራሙን ክር መታሁት። ጠረጴዛው በሙሉ አጉረመረመ። ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ጣውላው ላይ አሳርፈው «እንደገና» አሉ። እንደገና መታሁት። «እንደገና!» እያሉ ሲያስመቱኝ የቀረበልን ሻይ ቀዘቀዘ።

የጎበጠውን አንገት ግድግዳው ላይ ቸነከሩት። ወይዘሮ ዘይነባ ሻሻቸውን ሰቅለው ራቅ ብለው አዩት። «ይሄኛው ይሻላል» አሉ፤ ለመንገዴም ማንጎ ቋጠሩልኝ።

አሶሳ

እሑድ አመሻሽ ላይ ገባሁ። ሰኞ ልምምድ ላይ ጊታሩ ከማጉያው ጋር ተገናኘ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ አንዴ ሲመታ ረጅም ጊዜ ይቆይ ነበር፤ አሁን አጠር፣ ደረቅ ብሏል። ይመር «ይሄማ ከድራሜ ጋር እኩል ይረግጣል!» አለ። አቶ ታምሩ ጊታሩን አየ፣ እኔን አየ፣ በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተኝ። ሄጄ ቦታዬ ላይ ቆምኩ።

ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ ክሮቹ መዛባት ጀመሩ። አንዱ ቪት ላልቷል። የዛሬ ሳምንት ቢሆን ኖሮ እንደተዛባ እስከ መጨረሻው እጫወት ነበር። ለካ ከኋላ ለመቆምም መናገር ያስፈልጋል።

«ቆዩ!» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፊቴ ጋለ። ካቻቪቴ ከኪሴ አውጥቼ ቪቱን ቀስ ብዬ አጠበቅኩ፤ ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኘሁ። አቶ ታምሩም ጠበቀኝ።

«እንቀጥል» አልኩ።